ደም እንዴት ይችላል? የአሲድ፣ የአልካሊና የበፈር ሥርወ ቃል

መካነ ሰላም ስሟን ከግእዝ ያገኘች ከተማ ናት። «መካን» ከ«ኮነ» ይወጣል፤ ኮነ ሆነ ማለት ነው፤ መካንም አንድ ነገር የሚሆንበት፣ የሚኖርበት ስፍራ ነው። ዓረብኛም ከ«ካነ» «መካን»ን የሚያወጣው በዚሁ መንገድ ነው። «ሰላም» በዛሬው አፋችን ከጠብ መራቅን ይነግረናል፤ በሴም ልሳናት የቆየው ሥሩ ግን ሙሉነትን፣ ጉድለት ማጣትን፣ ጤናን ይዟል። የጥንቱ አካድኛ «ሸላሙ» ሲል ሙሉ ሆነ፣ ደኅና ሆነ ማለቱ ነበር።

ከተማዋ ያለችበት የቦረና ወረዳ ስሙን ከኦሮሞ ጎሳ ወስዷል። የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንዱ ግቢ በመካነ ሰላም፣ ሌላው በቱሉ አውሊያ ነው፤ ቱሉ አውሊያ ደግሞ ኮረብታን ከኦሮምኛ፣ ወልዮችን ከዓረብኛ ወስዳ በአንድ ስም ያጣመረች ናት። ግእዝ፣ አማርኛ፣ ኦሮምኛና ዓረብኛ በአንድ ገበያ ውለው በሚገቡበት በምዕራብ ደቡብ ወሎ ደጋ፣ ለቃል ዘር መቁጠር ለሰው ዘር ከመቁጠር ብዙም አይርቅም።

በዚሁ ደጋ ባዮሎጂ የሚማር ልጅ ወይም በመካነ ሰላም ሆስፒታል የምትሠራ ነርስ ስለ ደም ሲነሣ አራት ቃላት ይገጥሟቸዋል፤ አሲድ፣ አልካሊ፣ ፒኤች፣ በፈር። አራቱም ባዕድ ይመስላሉ። ሥራቸው ሲቆፈር ግን ሦስቱ ከጓዳችን ነገሮች ጋር ይገናኛሉ፤ ከኮመጠጠ ሊጥ፣ ከቆሎና ከብቅል። አራተኛው፣ በፈር፣ የራሱ አማርኛ ስም ይገባዋል። ስሙም ከጥንት ጀምሮ በአፋችን አለ።

ኮምጣጣው

«አሲድ» የላቲኑ «አሲዱስ» ነው፤ ትርጉሙ ኮምጣጣ። ከዚያው ቤት «አሴቱም» ወጥቷል፤ እሱም ሆምጣጤ ነው። አማርኛ ኮመጠጠ፣ ሆመጠጠ፣ ኮምጣጣ፣ ኮምጣጤ፣ ሆምጣጤ ይላል። ይህ የ«ከ» እና የ«ሀ» መፈራረቅ ለወሎ ጆሮ እንግዳ አይደለም፤ «ከ»ን አላልቶ «ኸ» ማለት የአገሩ ልማድ ነውና። ዓረብኛ አሲድን «ሐምድ»፣ የዛሬው ዕብራይስጥ «ሑምጻ» ይለዋል፤ ሁለቱም ስሙን ያወጡት ከኮምጣጣነት ነው። ኬሚስት የሚባል ባለሙያ ከመፈጠሩ በፊት አሲድን ለይቶ ያወቀው የሰው ምላስ ነበር፤ ሕዝቦች በየፊናቸው የሰጡት ስምም አንድ ዓይነት ሆነ።

በዚህ የስም ታሪክ ውስጥ አንድ ስሕተት እስከ ዛሬ ይኖራል። ፈረንሳዊው አንትዋን ላቯዚዬ በ18ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ ለምንተነፍሰው ጋዝ ስም ሲያወጣ ከግሪክኛ «ኦክሲስ» (ስለታም፣ ኮምጣጣ) እና መውለድን ከሚያመለክት ቃል «ኦክሲጅን»ን ሠራ። ኮምጣጣነትን ሁሉ የሚወልደው ይህ ጋዝ ነው ብሎ ያምን ነበር። እንግሊዛዊው ሃምፍሪ ዴቪ እ.ኤ.አ. በ1810 ከክሎሪን ጋር ባደረገው ምርምር ኦክሲጅን የሌለበት አሲድ መኖሩን አረጋገጠ። ኮምጣጣነትን የሚያመጣው ሌላ ነበር፤ «ውሃ ወላጅ» የሚል ስም የተሰጠው ሃይድሮጅን። አሲድ ማለት በውሃ ውስጥ የሃይድሮጅን አዮን የሚለቅ ነገር ነው። «አዮን» ደግሞ በግሪክ ሂያጅ ማለት ነው፤ ኤሌክትሪክ ሲነካው ወደ አንዱ ጫፍ ስለሚሄድ የተባለ ነው።

የእንጀራ ሊጥ ቦክቶ ሲኮመጥጥ ፒኤቹ፣ ማለትም ሲወርድ ኮምጣጣነት መብዛቱን የሚነግረን ቁጥር፣ ወደ 4 ገደማ ይወርዳል፤ ሆድ ውስጥ ያለው አሲድ ደግሞ ከዚያም የበረታ ነው። ሰው በየቀኑ ኮምጣጣ እንጀራ እየበላ ደሙ ግን አይኮመጥጥም። ይህ የሚሆነው ደም ከአሲድ ስለሚርቅ አይደለም። ሕዋሶቻችን ራሳቸው ሌሊትና ቀን አሲድ ያመርታሉ። አንድ አዋቂ ሰው በቀን ወደ 15,000 ሚሊሞል ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይሠራል፤ ይህም ከውሃ ጋር ሲገናኝ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል። በዚያ ላይ ከሥጋው፣ ከባቄላው፣ ከሽሮው ፕሮቲን በትንፋሽ የማይወጣ አሲድ ይመጣል፤ ለእያንዳንዱ ኪሎ ግራም የሰውነት ክብደት በቀን 1 ሚሊሞል ገደማ።

ቆሎው

የአሲድ ባላንጣ «አልካሊ» ይባላል። ቃሉ የዓረብኛው «አልቀልይ» ነው፤ ጨው በበዛበት መሬት የሚበቅል ቁጥቋጦ ተቃጥሎ የሚገኘው አመድ። ያ አመድ ሳሙናና ብርጭቆ ለመሥራት ያገለግል ነበር። ሥሩ «ቀላ» የሚለው ግስ ነው፤ በእሳት ላይ ማመስ፣ መጥበስ ማለት ነው። ግእዙ «ቀለወ»፣ ዕብራይስጡ «ቃላ» ይለዋል። አማርኛው «ቆላ» ነው፤ ስሙም «ቆሎ»። ዕብራይስጥም የተቆላ እህልን «ቃሊ» ይለዋል። ስለዚህ በሳይንስ መጽሐፍ ውስጥ «አልካሊ» ብሎ የሚያነብ የቦረና ልጅ፣ ኪሱ ውስጥ ካለው የገብስ ቆሎ ጋር አንድ ሥር ያለውን ቃል እያነበበ ነው። ቃሉ ከዓረብ አልኬሚስቶች ወደ ላቲን፣ ከላቲን ወደ አውሮፓ ልሳናት ዞሮ ወደ እኛ ሲመለስ ዘመዱ ሳያውቀው ቀረ እንጂ ባዕድ አልነበረም።

«አመድ» የሚለው ቃላችንም በግእዝ «ሐመድ» ነው። እንጨት ሲነድ ኮምጣጣ የሚሆነው ክፍል በጢስ ይሄዳል፤ የማይነደው ማዕድን ከአመዱ ጋር ይቀራል፤ ያ ነው አልካሊው። በሰውነታችንም የሚሆነው ከዚህ ብዙ አይለይም። የምንበላው ሲቃጠል ካርቦን ዳይኦክሳይዱ በትንፋሽ ይወጣል፤ የማይተነው ቅሪት ለኩላሊት ይቀራል።

ብቅሉ

«ብቅል» የበቀለ ማለት ነው። ግእዙ «በቈለ»፣ ዓረብኛው «በቅል» ያለው ቡቃያን፣ ቅጠላ ቅጠልን ነው። ገብስ ተነክሮ ሲያቆጠቁጥ ውስጡ ያሉ ኢንዛይሞች ይነቃሉ፤ ጠላ ጠማቂ ሁሉ ሥራውን የሚጀምረው ከእነሱ ነው። የበፈር ሐሳብ የተወለደውም ከዚሁ ከብቅል ነው።

እ.ኤ.አ. በ1900 ፓሪስ ላይ ኦጉስት ፈርንባክና ባልደረባው ኡቤር የብቅልን ኢንዛይሞች ሲያጠኑ አንድ ነገር አስተዋሉ። በብቅል ጭማቂ ውስጥ ፎስፌት ሲኖር፣ አሲድም ሆነ አልካሊ ቢጨመርበት ጭማቂው በድንገት አይለወጥም። ይህን ፎስፌት በፈረንሳይኛ «ታምፖን» ከሚባለው ነገር ጋር አመሳሰሉት፤ ታምፖን ውታፍ ነው፣ ግጭት የሚያበርድ ነገርም ነው። ከ9 ዓመት በኋላ ኮፐንሃገን በሚገኘው የካርልስበርግ ቢራ ፋብሪካ ቤተ ሙከራ የኬሚስትሪ ክፍል ኃላፊ የነበረው ሶረን ሶረንሰን ሁለት ነገሮችን በአንድ ጥናት አወጣ። አንዱ ፒኤች ነው፤ የሃይድሮጅን አዮንን ብዛት በአጭር ቁጥር መጻፊያ። ሁለተኛው እንደዚያ ፎስፌት ድንገተኛ ለውጥን የሚያበርደውን ነገር በጀርመንኛ «ፑፈር» ማለቱ ነው። እንግሊዝኛው «በፈር» ሆነ።

«በፈር» ለስላሳ ነገር ሲመታ ከሚሰጠው ድምፅ የተቀዳ ቃል ነው፤ በ19ኛው መቶ ዘመን የባቡር ፉርጎዎች እንዳይላተሙ በጫፋቸው የሚገጠመው ስፕሪንግ ያለበት ብረት በዚህ ስም ይጠራ ነበር። የአውሮፓ ሊቃውንት ስም ሲያወጡ ያሰቡት ግጭትን ነበር።

የፒኤች ቁጥር ለዓይን ትንሽ ሆኖ ትልቅ ነገር ይደብቃል። ቁጥሩ በ1 ሲወርድ የሃይድሮጅን አዮን 10 እጥፍ ይጨምራል። ጤነኛ የደም ቅዳ ቧንቧ ደም ከ7.35 እስከ 7.45 ባለው ጠባብ ክልል ውስጥ ይኖራል፤ ጥቂት ወደ አልካሊ ያዘነበለ ነው ማለት ነው። ከ7.4 ወደ 7.1 ቢወርድ የሃይድሮጅን አዮኑ እጥፍ ሆኗል። ከ6.8 በታች ወይም ከ7.8 በላይ ሰው ብዙ አይቆይም፤ ፕሮቲኖች ቅርጻቸውን፣ ኢንዛይሞች ሥራቸውን ይስታሉ፣ ልብም ምቱ ይዛባል።

ደሙ፣ ትንፋሹ፣ ኩላሊቱ

ደምን በዚያ ክልል ውስጥ ከሚይዙት መካከል ዋናው ቢካርቦኔት ነው። «ቢ» ሁለት፣ «ካርቦ» በላቲን ከሰል ነው። አሲድ ወደ ደም ሲገባ ቢካርቦኔት የመጣውን ሃይድሮጅን አዮን ወስዶ ካርቦኒክ አሲድ ይሆናል፤ ካርቦኒክ አሲዱ ደግሞ ወደ ውሃና ካርቦን ዳይኦክሳይድ ይፈርሳል። አልካሊ ሲበዛ ነገሩ ይገለበጣል፤ ካርቦኒክ አሲዱ ሃይድሮጅኑን ይለቃል። አሜሪካዊው ሎረንስ ሄንደርሰን እ.ኤ.አ. በ1908 ይህን ግንኙነት በቀመር ጻፈው፤ ዴንማርካዊው ካርል ሃሰልባልክ ቆየት ብሎ በፒኤች ቋንቋ አስቀመጠው። ቀመሩ የሚያስተምረን ትልቁ ነገር የቢካርቦኔትና የካርቦን ዳይኦክሳይድ ብዛት ለየብቻው ብዙ እንደማይናገር ነው፤ ወሳኙ ንጽጽራቸው ነው። በጤነኛ ደም በሊትር 24 ሚሊሞል ቢካርቦኔት፣ የሟሟ ካርቦን ዳይኦክሳይድ ደግሞ 1.2 ሚሊሞል ይገኛል፤ 20 ለ1። ይህ ንጽጽር እስከተጠበቀ ድረስ ፒኤቹ 7.4 ነው።

ቢካርቦኔት ብቻውን አይደለም። ቀይ የደም ሕዋስ ውስጥ ያለው ሄሞግሎቢን ኦክሲጅኑን ለሥጋ ካስረከበ በኋላ ሃይድሮጅን አዮን ይሸከማል። ፈርንባክ በብቅል ጭማቂ ያገኘው ፎስፌትም በሕዋሶቻችን ውስጥና በሽንት ውስጥ ያንኑ ሥራ ይሠራል። እነዚህ ሁሉ በሰከንድ ውስጥ ይደርሳሉ።

ቀጥሎ የሚመጣው ትንፋሽ ነው። «ነፍስ»፣ «ነፋስ»፣ «እስትንፋስ»፣ «ትንፋሽ» የአንድ ሥር ልጆች ናቸው፤ ዓረብኛው «ነፍስ» እና «ነፈስ»፣ ዕብራይስጡ «ኔፌሽ» ይላሉ። የጥንት ሰው ሕይወትንና የአየርን መግባት መውጣት በአንድ ቃል መያዙ ትክክል ነበር። «ሳንባ» በግእዝ «ሳንቡእ» ነው፤ ኦሮምኛም «ሶምባ» ይለዋል፤ ይህ ቃል የሴምና የኩሽ ልሳናት የጋራ ሀብት ነው። ሳንባ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን እያስወጣ የንጽጽሩን ታችኛውን ቁጥር ይጠብቃል፤ ሥራው በደቂቃዎች ይታያል።

ላይኛውን ቁጥር፣ ቢካርቦኔቱን፣ የሚጠብቀው ኩላሊት ነው። ግእዙ «ኵሊት»፣ ዓረብኛው «ኩልያ»፣ አካድኛው «ከሊቱ»፤ ከአራት ሺህ ዓመት በላይ ብዙም ያልተለወጠ ስም። በቀን ወደ 180 ሊትር ፈሳሽ ያጣራል፤ ከዚያ ውስጥ ከ4,000 ሚሊሞል በላይ ቢካርቦኔት መልሶ ለደም ያስረክባል። ትርፉን ሃይድሮጅን በአሞንያ አስሮ በሽንት ያወጣል። «አሞንያ» ስሙን ያገኘው በግብፅ ሲዋ በረሃ ከነበረው ከአሞን ጣዖት ቤተ መቅደስ ነው፤ በዚያ አካባቢ ይገኝ የነበረው ጨው የአሞን ጨው ይባል ነበርና። የኩላሊት ሥራ ሰዓታትንና ቀናትን ይወስዳል፤ ነገር ግን ያለቀውን የሚተካው እሱ ብቻ ነው።

ቁና ቁና

ከአባይ በረሃ ወደ መካነ ሰላም አቀበቱን የወጣ ሰው «ቁና ቁና ይተነፍሳል» ይባላል። ቁና እህል መስፈሪያ ነው። አማርኛ ትንፋሽን በእህል መስፈሪያ ለካው፤ ጥልቅ፣ ሙሉ፣ ተከታታይ ትንፋሽ። አቀበት የሚወጣ ሰው ጡንቻው ብዙ አሲድ ያመርታል፤ ሳንባው ደግሞ ካርቦን ዳይኦክሳይዱን በቁና እየሰፈረ ያወጣል።

ጀርመናዊው ሐኪም አዶልፍ ኩስማውል እ.ኤ.አ. በ1874 ስኳር በሽታቸው የከፋባቸው ሕሙማን ሊሞቱ ሲቃረቡ እንዲህ በጥልቀት ሲተነፍሱ አይቶ ጻፈው፤ ትንፋሹም በስሙ ተጠራ። ኢንሱሊን ሲጠፋ ሰውነት ስብን ያቃጥላል፤ ከዚያ የሚመጣው አሲድ ቢካርቦኔቱን ይጨርሰዋል፤ ሳንባም የቻለውን ያህል ይረዳል። አቀበት ሳይወጣ፣ ተቀምጦ እያለ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ደሙ እየኮመጠጠ ሊሆን ይችላል። የእኛ ቃል ሐኪሙ የሚፈልገውን ምልክት በሚገባ ይገልጸዋል።

ደጋው ራሱ የዚህ ሥርዓት ፈታኝ ነው። መካነ ሰላም 2,600 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ናት፤ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለል ጋር ሲነጻጸር በሩብ ያህል ያንሳል። ከቆላ አዲስ የመጣ ሰው ኦክሲጅን ለማግኘት አብዝቶ ይተነፍሳል፤ ሲተነፍስ ካርቦን ዳይኦክሳይዱ ከሚገባው በላይ ይወጣል፤ ደሙ ወደ አልካሊ ያዘነብላል። ኩላሊት በቀናት ውስጥ የተወሰነ ቢካርቦኔት በሽንት ለቅቆ ንጽጽሩን ይመልሰዋል። በደጋው ተወልዶ ያደገ ሰው ደግሞ የራሱ ጥበብ አለው። ሲንቲያ ቢልና ባልደረቦቿ እ.ኤ.አ. በ2002 ባሳተሙት ጥናት በሰሜን ተራሮች 3,530 ሜትር ላይ የሚኖሩ ኢትዮጵያውያንን መርምረው፣ የሄሞግሎቢናቸው መጠንና በደማቸው ያለው የኦክሲጅን ሙሌት በባሕር ወለል ከሚኖር ሰው እምብዛም የማይለይ ሆኖ አገኙት። በአንዲስ ተራሮች ያሉ ሕዝቦች ሄሞግሎቢናቸውን ጨምረው ደጋውን ሲለምዱ፣ የእኛዎቹ በሌላ መንገድ ለምደውታል።

ቻዩ

አሁን ወደ በፈር አማርኛ ስም እንምጣ። «መካች» የሚል ሊኖር ይችላል። መካች ግን የመጣውን በደጅ ያቆመዋል፤ ቢካርቦኔት ግን አሲዱን ወደ ራሱ ያስገባዋል። «ገላጋይ» የሚልም ይኖራል። ገላጋይ ሁለቱን ለያይቶ ራሱ እንደነበረ ይመለሳል፤ ቢካርቦኔት ግን ተለውጦ ሌላ ነገር ይሆናል።

እኔ የምለው «ቻይ» ነው። «ቻለ» የግእዙ «ክህለ» ነው፤ «ክ» ወደ «ች» ተለውጣ፣ «ህ» ተውጣ የቀረች። ግእዙ «ከሃሊ» ሲል አማርኛው «ቻይ» ይላል፤ ሁሉን ቻይ። በአማርኛ ግን ቃሉ ሁለተኛ ትርጉም አበቀለ። ቻለ ማለት አቅም አገኘ ማለት ነው፤ ቻለ ማለት ታገሠ፣ ተሸከመ፣ በሆዱ ያዘ ማለትም ነው። «ሆድ ከአገር ይሰፋል» የሚባለው ለቻይ ሰው ነው። ቻይ ሰው ክፉ ቃል ሲሰማ ፊቱ አይለወጥም፤ ቃሉ ግን ወደ ውስጡ ገብቷል፣ ከትዕግሥቱም ጥቂት ወስዷል። ትዕግሥቱ ያለቀ ዕለት ትንሽ ቃል ትበቃዋለች። በደም ውስጥ የሚሆነውም ይኸው ነው። አሲድ ሲገባ ፒኤቹ ብዙ አይነቃነቅም፤ ቢካርቦኔቱ ግን እየቀነሰ ይሄዳል፤ ሊያልቅ ሲቃረብ ጥቂት አሲድ ፒኤቹን ቁልቁል ይጥለዋል። አቅምና ትዕግሥት፣ መሸከምና ማለቅ፣ ሁሉም በአንድ ቃል ውስጥ አሉ። «ውታፍ» የሚለው የፈረንሳዮቹ ቃልም፣ ግጭት የሚያበርደው የባቡር ብረትም ይህን አይነግሩንም።

ቃሉ ለማርባትም ይመቻል። በመማሪያ መጻሕፍት «ሙሙት» የሚለው ቃል ስላለ «ቻይ ሙሙት» እንላለን። የቢካርቦኔት ቻይ፣ የፎስፌት ቻይ፣ የፕሮቲን ቻይ እንላለን። አንድ ሙሙት ምን ያህል አሲድ እንደሚሸከም ስንናገርም «ቻይነቱ» ማለት ይበቃል።

ነገሩ የመዝገበ ቃላት ጉዳይ ብቻ አይደለም። የአንጀት ፈሳሽ ቢካርቦኔት የበዛበት ነው፤ ሕፃን ብዙ ሲያስቀምጠው ከውሃው ጋር ቻዩም ይፈስሳል። አየርላንዳዊው ሐኪም ዊልያም ኦሾኔሲ እ.ኤ.አ. ከ1831 እስከ 1832 የኮሌራ ሕሙማንን ደም መርምሮ ውሃና ጨው ብቻ ሳይሆን አልካሊም እንደጎደለው አሳየ። ዛሬ በየጤና ኬላው የሚሰጠው ሕይወት አድን ንጥረ ነገር ከጨውና ከስኳር ጋር ሲትሬት የያዘው ለዚህ ነው፤ ሲትሬት በሰውነት ውስጥ ቢካርቦኔት ይሆናል። አንዲት እናት «ልጅሽ በፈሩ አለቀ» ብትባል የምትይዘው ነገር የለም። «ደሙ አሲድ የሚችልበት አለቀ፣ ይህ የሚተካለት ነው» ብትባል ግን እሽጉን በ1 ሊትር ንጹሕ ውሃ በጥብጣ በትንሽ በትንሹ ለምን እንደምትሰጥ ትረዳለች። የስኳር ሕመምተኛም መድኃኒቱን ማቋረጥ ለምን እንደሚገድል፣ ኩላሊቱ የደከመም ክትትሉን ለምን መተው እንደሌለበት በዚሁ ቃል ይገባዋል።

ስለዚህ በመካነ ሰላምም ሆነ በሌላው አገር የምታስተምሩ መምህራን፣ የምታክሙ ነርሶችና ሐኪሞች፣ ቤት ለቤት የምትዞሩ የጤና ኤክስቴንሽን ሠራተኞች፣ በፈርን ለፈተና አስተምሩ፤ ለሰው ስትነግሩ ግን ቻይ በሉ። ተቀምጦ ቁና ቁና የሚተነፍስ ሰው ያያችሁ ሁሉ ደግሞ፣ ቻዩ ሳያልቅ ወደ ጤና ተቋም አድርሱት።